ሬሕማ ሰላም ትልሻለች

ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ
ሐምሌ 6 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ ጂብሪል

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላህ። ይህቺ ወረቀት አንተንም እትዬንም ቤቱንም ሁሉ በጤና ታግኝልኝ፤ አላህ ከዘመኑ በሽታ ይሰውራችሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከናፍቆት በቀር የጎደለኝ የለም። ፊደሉ ቢንጋደድብህ ራስህን ውቀስ፤ በመሠረተ ትምህርት ያስቆጠርከኝ አንተ ነህ።

ለዐረፋ ያልከኝን ነጭ ጥምጥም ገዝቻለሁ። ከኦምዱርማን ሱቅ ድረስ ሄጄ ነው የመረጥኩት። ወላሂ እንዲህ ያለውን እዚህ ትልልቅ ሽማግሌዎች ናቸው የሚጠመጥሙት፤ ምክር ቤት ስትቀመጥበት አምሮብህ ይታይ። አብራኝ የምትኖረው የኔነሽ፣ የጎጃሟ ልጅ፣ አየችውና «ወንድምሽ ይህን ጠምጥሞ ሊናገር ነው ሊያጨበጭብ?» አለችኝ። ተቆጣኋት። ግን ደግሞ ሳቅሁ። ምን ላድርግ! በካፉሪ የማስታምማት ሃጃ ቤት ዲሽ አለ፤ የክልሉ ምክር ቤት ጉባኤ ሲተላለፍ ልብሷን እያጠፍኩ አይሃለሁ። እጅ ሲወጣ እጅህ አለች። ሲጨበጨብም አለህ። ድምፅህን ግን በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ ሰማሁ የሚል ሰው አልገጠመኝም። ቤት ውስጥ እንዲያ ወሬኛ የነበርክ ሰውዬ!

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሬሕማ ወሯ ነሐሴ ነው። አንድ ልጄን በስምንት ዓመቷ እጅህ ላይ ጥዬ ስወጣ አደራ አላልኩህም፣ አንድ ቤት አድገን አደራ መባባል ነውር ስለመሰለኝ። አሳደግካት፣ ዳርካት፣ አላህ ይስጥህ። ሙባረክም ጥሩ ባል ነው። ግን ቤቱ ከሐሮዬ ወንዝ ማዶ፣ የድሮው አገራችን ላይ ነው፤ ጤና ጣቢያው ደግሞ እናንተ ከተማ ነው። ሐሮዬ ሲሞላ እንኳን ነፍሰ ጡር ጎረምሳም አይሻገረው። ድልድዩ በሰማንያ ሰባት ለመጀመሪያ ጊዜ ስትመረጥ ጀምሮ «ሊሠራ ነው» እየተባለ እኔ አረጀሁ። እዚህ በየቀኑ ወደ ካፉሪ ስሄድ ሃፍላው፣ አውቶቡሱ፣ ዓባይን የሚያህል ወንዝ በድልድይ ያሻግረኛል፤ ተሳፋሪው ወደ ታች እንኳ አያይም።

ስለዚህ ድልድይ አልለምንህም። የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ሐምሌ ሳይወጣ፣ ወንዙ ሳይሞላ፣ ሬሕማን አሻግረህ ቤትህ አስቀምጥልኝ። የመሥሪያ ቤት መኪና አለህ። ይህቺን ብቻ።

ወረቀቱን የሚያመጣልህ የአገራችን ልጅ ኢሳ ነው። ድንበሩ ለሰው ቢዘጋም የጭነት መኪና ያልፋል፤ እሱም የመኪናው ረዳት ስለሆነ ያልፋል።

ሬሕማን ሰላም በልልኝ።

እህትህ መሪማ


ሐምሌ 21 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለተከበርሽው እህቴ ለመሪማ
ካርቱም

በቅድሚያ የአላህ ሰላምና እዝነት ካንቺ ጋር ይሁን። በዚህ ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ወቅት በጤና መሰንበትሽን ከኢሳ በመስማቴ ከፍተኛ ደስታ ተሰምቶኛል። ጥምጥሙ ደርሶኛል። ባለቤቴ አይታ «አሁን ገና የተከበሩ መሰልክ» ብላኛለች።

ስለ ዝምታዬ የጻፍሽውን አንብቤ አልተቀየምኩም፤ የኔነሽንም ሰላም በያት። ግን ነገሩን ላስረዳሽ። እንደሚታወቀው እኔ ወደዚህ ወንበር የመጣሁት ለሰው ማመልከቻ ስጽፍ ኖሬ ነው። የመሬት ክርክር ያለበት፣ ልጁ የታሰረበት፣ ሁሉ ደጄ ይመጣ ነበር፤ በሰማንያ ሰባት ሕዝቡ «ደብዳቤያችንን የሚጽፍልን ሰው ራሱ ይሂድልን» ብሎ ላከኝ። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ቀን እጄን አውጥቼ ተናገርኩ። ስለ ሐሮዬ ነበር። ማንም አልመለሰልኝም። በእረፍት ሰዓት አንድ ትልቅ ሰው ትከሻዬን ይዞ «ልጅ ጂብሪል፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ነገር አይገኝም፤ በኮሪደር ነው የሚገኘው» አለኝ። እውነቱን ነበር። ትምህርት ቤቱ እስከ ስምንተኛ የደረሰው በኮሪደር ነው። የቧንቧው ውኃም፣ ጤና ጣቢያውም እንዲሁ። አዳራሽ ውስጥ እጄን አወጣለሁ፤ ኮሪደር ላይ እለምናለሁ። አምስት ዙር እንዲህ ነው የሠራሁት። በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ ደግሞ፣ ታምሜም ሐዘን ተቀምጬም፣ ከአንድ ጉባኤ ቀርቼ አላውቅም። ይህን ማንም አይወስድብኝም። የሐሮዬም ተራ ይደርሳል፤ ጥናቱ አልቋል።

ሬሕማን በሚመለከት አንዳች አታስቢ። ከዐረፋ በኋላ የበጀት ጉባኤ አለ፤ እንዳለቀ በማግስቱ መኪና ይዤ ሄጄ አመጣታለሁ። ወንዙ ገና ጉልበት አይደርስም።

በመጨረሻም አንድ ነገር ላሳስብሽ። ምርጫው በበሽታው ምክንያት ቢራዘምም መምጣቱ አይቀርም። ባለፉት ዙሮች እናንተ የካርቱም ሴቶች ለእናቶቻችሁ እየደወላችሁ «ጂብሪልን» ብላችሁ የሠራችሁትን አልረሳሁም። ድርጅቱ ፖስተር ለጠፈ እንጂ የመረጣችሁኝ እናንተ ናችሁ፣ ድምፅ ሳይኖራችሁ። ዘንድሮም አደራ።

ሬሕማ ሰላም ትልሻለች።

ወንድምሽ ጂብሪል


ነሐሴ 22 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኢሳ

ከዚህ ጋር ያለውን የታሸገ ፖስታ ለመሪማ ስጣት። ይህቺ ግን ለአንተ ብቻ ናት፤ አንብበህ ቅደዳት።

የሬሕማን ነገር ሰምተሃል። ለእናቷ ትንፍሽ እንዳትል። እዚያ ያሉትም የአገራችን ሴቶች ከሰሙ አፋቸውን እንዲይዙ ለምንልኝ። ሽማግሌዎቹ የተስማሙት መርዶ በወረቀትም በስልክም አይሄድም ብለው ነው፤ ድንበሩ ሲከፈት ሁለት ሰው ልከን በአካል፣ በሥርዓቱ ትረዳለች። ሰው በሌለበት አገር ብቻዋን አንብባ ብትወድቅ ማን ያነሳታል? እስከዚያ ድረስ ሬሕማ ደህና ናት። አንተም እንዲህ በል።

ጂብሪል


ነሐሴ 22 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለእህቴ ለመሪማ

የአላህ ሰላም አይለይሽ። እንኳን ደስ አለሽ! ሬሕማ ነሐሴ ዘጠኝ ቀን ሴት ልጅ ወልዳለች። ስሟን ዛሂራ ብለናታል። ጸጉሯ እንደ አንቺ ዞማ ነው፣ ድምፅዋ ደግሞ ቤቱን ይበጠብጣል። ውኃው ጎደል ባለ ቀን ተሻግራ እኛ ቤት ናት። ባለቤቴ ከእቅፏ አታወርዳትም።

የሬሕማ ስልክ ውኃ ገብቶበት አይሠራም፤ እየደወልሽ አትቸገሪ። ከቻልሽ በኢሳ በኩል የጣሳ ወተት ብትልኪ መልካም ነው። እዚህ ከገበያ ጠፍቷል።

ሬሕማ ሰላም ትልሻለች።

ወንድምሽ ጂብሪል


ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ
መስከረም 20 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ ጂብሪል

አሰላሙ ዓለይኩም። ምርቃቴ ይድረስህ፤ እድሜህ ይርዘም፣ ቤትህ ይባረክ፣ የልጅ ልጄን ያቀፉ የእትዬ እጆች አይድከሙ። አያት ሆንኩ እኮ! ወረቀቱን ያነበብኩት ራክሻ፣ የዚህ አገር ባጃጅ፣ ላይ ተቀምጬ ነው፤ እልል ብዬ ባለራክሻውን አስደነገጥኩት። «ያ ሃጃ፣ ምን ሆንሽ?» አለኝ፤ የልጅ ልጅ ስለው ሂሳብ አልቀበልም ብሎ ሄደ።

እዚህ ዓባይ ሞልቶ ጉድ ሆኗል። ሽማግሌዎቹ እንዲህ ያለ ውኃ አይተን አናውቅም ይላሉ። ወንዙ ዳር ያሉ ሰፈሮች ሌሊትና ቀን አሸዋ በከረጢት እየሞሉ ይከምራሉ። ሃፍላው ግን ዛሬም በድልድዩ ያሻግረኛል። ከላይ ሆኜ ያንን ቀይ ውኃ ሳየው ይህ የእኛ አፈር ነው እላለሁ፤ ምናልባት የሐሮዬም አለበት። እንኳን ቀድመህ አሻገርክልኝ። ባታሻግርልኝ ኖሮ አሁን እዚህ ምን ይውጠኝ ነበር?

ለኢሳ አራት ጣሳ ወተት ሰጥቼዋለሁ። ምነው ግን፣ ሬሕማ ጡት አልወረደላትም? እኔ እሷን ስወልድ ለጎረቤት ልጅ ተርፎኝ ነበር። እትዬ አጃ በደንብ ታጠጣት፣ ሾርባም። በኢሳ ስልክ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፤ እናትና ልጅ አንድ ላይ።

አንድ የገረመኝ ነገር ልንገርህ። ጁምዓ የአገራችን ሴቶች ስንሰበሰብ የምሥራቹን ነገርኳቸው። እልል የሚሉ መስሎኝ ነበር። አንዷ ብድግ ብላ ወጣች። የቀሩት «ማብሩክ» አሉኝና ሻይ ቀዱልኝ፣ ስኳሩን ራሳቸው አማሰሉልኝ። የኔነሽም ሰሞኑን ዝም ብላለች፤ ማታ ማታ «በላሽ ወይ?» እያለች ታስጨንቀኛለች። ሹጉሉ፣ ሥራው፣ ከብዷት ይሆናል።

ሬሕማን ሰላም በልልኝ። በእጇ ሁለት መስመር ትጻፍልኝ።

እህትህ መሪማ


ኅዳር 2 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለእህቴ ለመሪማ

ሰላምና ጤና ካንቺ አይለይ። ደብዳቤሽ ከወተቱ ጋር በሰላም ደርሷል። ዛሂራ እያደገች ነው፤ መሳቅ ጀምራለች።

ለመዘግየቴ ይቅርታ። እንደሚታወቀው አገሩ ሁሉ ጭንቅ ላይ ነው፤ ስብሰባ በስብሰባ ሆኛለሁ። ሬሕማ ትንሽ ድካም አለባት። ለዚህ ነው ያልጻፈችው። ፎቶውም ለሌላ ጊዜ ይሁን።

ወተቱ እያለቀ ነው። ብትችይ ከፍ አድርገሽ ላኪ፤ ጡጦም ጨምሪበት። ድርጅቱ ለስድስተኛ ዙር በዕጩነት ሊያቀርበኝ አስቧል። የሴቶቹን ነገር እንዳትረሺ።

ሬሕማ ሰላም ትልሻለች።

ወንድምሽ ጂብሪል


ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ
ታኅሣሥ 15 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለወንድም ጋሼ ጂብሪል

አሰላሙ ዓለይኩም። ለጤናህ እንደምን አለህ? እትዬስ? አላህ ለሁላችንም ልብ ይስጠን።

ወተት ልኬልሃለሁ። ጡጦም አለበት፤ ጫፉ ሲላላ የሚቀየር ትርፍ ጡት አብሬ አስገብቻለሁ። ልጅቷ ሆዷን ከነፋት ውኃው በደንብ ይፍላ። እትዬ ይህን ታውቃለች፤ ግን ልበል።

ስለ እኔ ሥራ ጽፌልህ አላውቅም። የሃጃ ቤቱን አይደለም፤ ሌላውን። በዚህ አገር አሥራ አራት ዓመት ስኖር የአገራችን ሴቶች መርዶ ሲመጣባቸው የምሄደው እኔ ነኝ። እንዴት እንደጀመርኩት አላውቅም፤ ድምፅሽ ደልደል ያለ ነው ብለው ላኩኝ፣ በዚያው ቀረሁ። እንዲህ ነው የምናደርገው። ወሬው መጀመሪያ ለእኛ ይመጣል። ከዚያ ከቤተሰብ «ንገሩልን» የሚል ቃል እንጠብቃለን፤ ቃል ሳይመጣ ማንም አይናገርም። እስከዚያ ድረስ ያቺን ልጅ እንጠብቃታለን። በደንብ እንድትበላ እናደርጋለን። ከስልኳ እናዘናጋታለን። ሻይዋን እናማስልላታለን። ቃሉ ሲመጣ ሦስት ሆነን ማልደን እንሄዳለን፤ ለማዳሟ ቀድመን እንነግርና ልጅቷ እሳት ሳታነድ እንገባለን። እነዚህ እጆቼ ላይ ስንቷ ተዘርራለች። አንዷ ካርቱም ሁለት የሚባለው ሰፈር ፎቅ ቤት ውስጥ ተቀጥራ የነበረች፣ ደረጃ ስወጣ ገና አይታኝ «መሪማ ከመጣች አለቀ» ብላ ተቀመጠች።

ይህን ለምን እንደምጽፍልህ ታውቃለህ።

ያች ሥርዓት ደግ ናት። ሰው ብቻውን እንዳይወድቅ ነው የተሠራችው። የሚነግረው ሰው እንዲገላገል ግን አልተሠራችም። ከጥቅምት ጀምሮ ጎህ ሲቀድ ለብሼ እቀመጣለሁ። በር ሲንኳኳ እነሳለሁ። አንድ ቀን ውኃ የሚያመጣው ሰውዬ፣ ሌላ ቀን የጎረቤት ልጅ ክብሪት ልትዋስ። የኔነሽ ለብሼ ታየኛለች፤ ወደ ግድግዳው ዞራ ትተኛለች። እኔም አልጠይቃትም። ከማንም አልሰማም፣ ወንድም ጋሼ። ያሳደገው ሰው ይንገረኝ።

የሴቶቹን ነገር ጠይቀኸኛል። ዘንድሮ ለእናቶቻችን አንደውልም። ማንንም አላነሳሳሁም፤ ዝም ነው ያልኩት፣ እነሱም ዝም አሉ።

ሬሕማን ሰላም በልልኝ። እንዴት ብለህ እንደምትልልኝ አንተ ታውቃለህ።

መሪማ


ጥር 29 ቀን 2013 ዓ.ም.

መሪማ እህቴ

የአላህ ሰላም ይድረስሽ።

ደብዳቤሽን ኪሴ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ። ሁለት ሽማግሌ መርጠን ነበር። በድንበሩ መሬት ጉዳይ ሠራዊት ሰፍሯልና ከኢሳ መኪና በቀር የሚያልፍ የለም፤ ሽማግሌዎቹም ከመተማ ተመለሱ። እኔ ልምጣ ብዬ ፈቃድ ጠየቅሁ። የምክር ቤት አባል በዚህ ጊዜ ሱዳን አይሄድም ተባልኩ።

የካቲት መጨረሻ ላይ ጉባኤ አለ። የወረዳችን የግማሽ ዓመት ሪፖርት ትናንት ደርሶኛል፤ በኮሚቴዬ በኩል የማቀርበው እኔ ነኝ። ጥሩ ሪፖርት ነው። የመንገዱም፣ የእርሻውም ቁጥር ጥሩ ነው። በጤናው በኩል ባለፈው ክረምት በወረዳው በወሊድ ምክንያት የሞተች አንዲትም እናት የለችም ይላል። ጤና ጣቢያ ያልደረሰች አትቆጠርም፤ ለዚህ ነው። ይህን አንብቤ እጄን ማውጣት ነው የሚጠበቅብኝ። ከዚያ ዕጩነቴ ይጸድቃል።

ከዚህ በላይ መጻፍ አልቻልኩም።

ዛሂራ ደህና ናት። ይህ እውነት ነው።

ጂብሪል


ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ
መጋቢት 19 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጂብሪል

ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ባለፈው የላክኸው ወረቀት መጨረሻ ላይ ሬሕማ ሰላም ትልሻለች የሚለው አልነበረም። ስንት ጊዜ ገልብጬ ፈለግሁት። ያን ቀን ወረቀቱን አጥፌ ከትራሴ ሥር አስገባሁና፣ ከዚያ በኋላ ማለዳ ለብሼ መቀመጡን ተውኩት።

ጉባኤውን ሃጃ ቤት ነው ያየሁት። አንሶላ እያጠፍኩ ነበር። ሃጃ አማርኛ አትሰማም፤ ግን ያን ጥምጥም ስታይ «አኹኪ!» አለችኝ፣ ወንድምሽ ማለቷ ነው። ወረቀት ይዘህ ቆመህ አየሁ። የመንገዱን አነበብክ፣ የእርሻውን አነበብክ። ከዚያ ወረቀቱን ዝቅ አደረግክ። መድረኩ ላይ መሃል የተቀመጠው ሰውዬ «የተከበሩ ጂብሪል፣ ይቀጥሉ» አለህ። መነጽርህን አወለቅክ። ያልከውን አንተ ላታስታውሰው ትችላለህ፤ እኔ ግን እስክሞት ይዤዋለሁ፦

«የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ እዚህ ላይ የሞተች እናት የለችም ይላል። አንዲት አለች። ሬሕማ ትባላለች። በእኔ ቤት ያደገች ናት። ወንዙ ሳይሞላ አሻግርልኝ ተብዬ፣ የበጀት ጉባኤ አልቀርም፣ ከጉባኤውም በኋላ የተጠራሁበት ሥልጠና አያልፈኝም ብዬ ቆየሁ። ነሐሴ ዘጠኝ መኪና ይዤ ሐሮዬ ስደርስ እሷን በቃሬዛ ማዶ አድርሰዋታል። እኔ ከወዲህ፣ እሷ ከወዲያ። እዚያው ዳር ላይ ወለደች። ደሙ አልቆመላትም። ጤና ጣቢያው ከእኔ በኩል ነበር፤ ጣሪያው ይታያል። ስትቀበርም ከወዲህ ሆኜ አየሁ። ሃያ አምስት ዓመት አንድ ጉባኤ አልቀረሁም፤ ያን ጊዜ መቅረት ነበረብኝ። እናቷ ካርቱም ናት። እስከ ዛሬ ልጅሽ ደህና ናት እያልኩ እጽፍላታለሁ። መሪማ፣ ከሰማሽኝ፣ ሬሕማ ሞታለች። ይህን ሪፖርት አላጸድቅም።»

ሰውዬው «የተከበሩ፣ ሰዓት» አለህ። ቴሌቪዥኑ ወደ ሌላ ሥዕል ሄደ፤ የሆነ ስንዴ ማሳ አሳዩን።

አንሶላውን አጥፌ ጨረስኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሃጃ «ማሊክ?» አለችኝ፤ ምን ሆንሽ ማለት ነው። «ብንቲ» አልኳት፤ ልጄ። አሮጊቷ ከአልጋዋ መውረድ ከተወች ሦስት ዓመቷ ነው፤ እጇን ዘርግታ ሻርፔን ይዛ ወደ ደረቷ ሳበችኝ። ስጮህ አልከለከለችኝም። ልጆቿ ሮጠው ሲገቡ ውጡ አለቻቸው።

ሴቶቹ ሳልጠራቸው መጡ። ሁሉም አይተውሃል። የኔነሽ ነጠላዋን ገልብጣ ለብሳ፣ ካፉሪ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «ስድስት ወር አፌን ዘግቼ አብሬሽ ተኛሁ፤ ይቅር በይኝ» ብላ እግሬ ላይ ወደቀች። አል-ሳሃፋ ግቢያችን ውስጥ ምንጣፍ አንጥፈን ሦስት ቀን ተቀመጥን። ባለራክሻው ሁሉ መጥቶ ፋቲሓ ቀራልኝ፤ ያ ለልጅ ልጄ ሂሳብ አልቀበልም ያለኝ ሰውዬ።

አሁን ለአንተ የምለውን ልበል። እኔ ሆዴ ውስጥ ነገር አልይዝም፣ ታውቀኛለህ። አዝኜብሃለሁ። ሐምሌ ሳይወጣ ነበር ያልኩህ። ድልድይ አልጠየቅሁህም፤ አንድ ቀን ነው የጠየቅሁህ። የልጄን ሞት ምክር ቤቱ ሙሉ ከእኔ እኩል ሰማው፤ ይህም ያቃጥለኛል። ስለዚህ ይቅር ብያለሁ አልልህም፤ ገና አልደረስኩበትም። አላህ ሲያደርሰኝ እነግርሃለሁ። ግን ነግረኸኛል። ከጥቅምት ጀምሮ በሬ ላይ የጠበቅሁት ሰው መጣ፣ በጥምጥሙ። ከተቀመጥክባቸው ዓመታት ሁሉ የቆምክባት ያቺ ደቂቃ ትበልጥብኛለች። ሬሕማ የልጆችህ ታላቅ እንደነበረች አሁን ሁሉም ሰው ያውቃል።

ኢሳ ስምህን ከዕጩዎቹ እንዳወጡት ነገረኝ። መኪናውንም ተቀብለውሃል አሉ። ሴቶቹ ይህን ሲሰሙ እኔን ሳይጠይቁ ወደ አገር ደወሉ። ማንንም ምረጡ አላሉም። ማንም ዕጩ ሲመጣ፣ ያላ፣ መጀመሪያ ሐሮዬ ዳር ወስዳችሁ አቁሙት፣ እዚያ ሆኖ ይናገር ነው ያሉት። እናቶቻቸው እሺ ብለዋል።

ወተቱን ከኢሳ ጋር ልኬያለሁ፤ አሁን ለዛሂራ ብዬ ነው የምልከው፣ ማንንም ሳላታልል። ድንበሩ ሲከፈት ኢንሻአላህ እመጣለሁ። ሃጃን ነግሬያታለሁ፤ አልቅሳ ፈቅዳለች። ልጅቷ እኔን ሳታውቅ አፍ እንዳትፈታ።

አንድ ነገር ኢሳን ጠየቅሁት። ወንዙ ከጎደለ ወዲህ ጂብሪል ማዶ ሄዶ ያውቃል ወይ አልኩት። አንገቱን ደፋ። እስከ ዛሬ እንዳልተሻገርክ ገባኝ።

እንግዲህ መጋቢት ነው። ሐሮዬ አሁን ቁርጭምጭሚት አይደርስም፤ እኔና አንተ በልጅነታችን በዚህ ወር እየተሯሯጥን ነው የምንሻገረው። ጫማህን አውልቀህ ተሻገርና ሬሕማን ሰላም በልልኝ።

እህትህ መሪማ